ሩብ ዙር

አዘዞ፣ ከጎሚስታው ቤት አለፍ ብሎ፣
አንድ ጋራዥ አለ፣ በቆርቆሮ ተከልሎ።
እኔ መብራት ያዥ ነኝ። ማስተር አጣናው ሆዱን
ከፓራፋንጎ አስደግፎ፣ ዘርግቶ ክንዱን፣
እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ የሞተር ትንፋሽ ይሰማል፦
«አንደኛው ቫልቭ ደኅና፤ ሦስተኛው ይታማል።»

ጥር ላይ፣ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር በገባ ማግሥት፣
በሎቤድ ተጭና፣ ተሸፋፍና እንደ ንግሥት፣
አንዲት ቀይ መኪና መጣች፣ ባለ ሁለት በር፤
ጌታዋ ቢምረው፣ የሰሊጥ ነጋዴው፣ ከጎኗ ነበር።
እሑድ ለሠርጉ፣ ሙሽሪትን ብቻዋን ሊያመጣባት፣
የሁለት ዓመት የሰሊጥ ትርፍ አፈሰሰባት።

«ሞዴሏ አዲስ ነው» አለ፣ «ሃያ ሃያ ስድስት።»
ማስተር በጣቱ ቆጠረ፦ «እኛ ያለነው አሥራ ስምንት።
ስምንት ዓመት ቀድማን ሄዳ፣ ምን አይታ ተመለሰች?
ወይስ መንገዱ ጠፍቷት ወደ ኋላ ገሰገሰች?»

ቢምረው ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፦
«አምና በዚህ ሆድ ውስጥ አራት ፒስተን ነበረ፤
ዘንድሮ ስድስት ሆነ። አራት መቶ ፈረስ፣ በሦስት መቶ ፋንታ፤
ቱርቦውም አንድ አይደለም፣ ግራና ቀኝ መንታ።»

«አራት መቶ ፈረስ!» ማስተር ከትከት እያለ፣
«የፋሲል ግቢው ጋጣስ ይኼን መች ቻለ?
ገብሱን ማን ያቀርባል? ማንስ ያጠጣል ውሃ፣
አራት መቶ ሙሉ እየተጋፋ ሲወርድ ወደ ቀሃ?»

ቢምረው አልሣቀም።
«ወደብ ላይ ሞክሬአታለሁ፣ ጥይት ነበረች፤
ጠዋት ከሎቤዱ ወርዳ የጎሃ ዳገት ላይ ግን ሰነፈች።
ታፏጫለች ደግሞ። ቀጭን ፉጨት። እንቅልፍ ነሳኝ።»

ማስተር ኮፈኑን ከፈተ። መብራቱን አስጠጋሁ።
ሁሉም በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ብረት የሚባል አይታይም።
ብዙ ዝም አለ። ከዚያ የተናገረው ለኔ ነው፣ ለቢምረው አይደለም፦
«ስማ። የጎንደር አየር ስስ ነው።
ከባሕር ዳር የተነሣ ሞተር እዚህ ሲደርስ
ካምስት ፈረሱ አንዱ መንገድ ላይ ይቀርበታል።
ቱርቦ ማለት ይህን ስስ ነፋስ ሰብስቦ፣ ጠቅጥቆ የሚያጎርስ ነው፣
እምቢ ላለ ልጅ እንደሚጎረሰው።
ጉሮሮው ከላላ ግን ጉርሻው ይፈሳል።»

ጣቱን በቱቦው ላይ አስኬደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
አንዲት ፋሼታ። በመርከብ፣ በሎቤድ፣ በኮረኮንች የተናጠች።
ካቻቢቴ ጠየቀኝ።
ሩብ ዙር።
ፉጨቱ ቆመ።

ቢምረው ብር ሲቆጥር እጁን ያዘው፦
«ለሩብ ዙር ሒሳብ የለኝም።
እስከ ኤርፖርቱ መገንጠያ ብቻ ውሰደኝ።»

ሄዱ። እኔ በቀን ብርሃን የበራ መብራት ይዤ ቀረሁ።
ሁለተኛ ማርሽ ሰማሁ፣ ሦስተኛ፤
ከዚያ ባጃጆቹ ሁሉ የተደበቁ መሰለኝ፤
ከዚያ ምንም።

ሲመለስ ፊቱ ላይ የጎረምሳ ፈገግታ ነበር፤
ወርዶ ግን፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ ሳይሻገር፣
ሳሉ ያዘው። አርባ ዓመት የጠጣው የሰው ጭስ ሁሉ
መውጫ ፈለገ። «ይኸኛውስ፣ ስንት ነው ሞዴሉ?»
አለ፣ ደረቱን መታ መታ አድርጎ፤ መልስ አልጠበቀም።
ቢምረውም አልመለሰም። የመኪናዋን በር ዘጋና ሄደ፣ ሳትፏጭ።

አሮጌዋ ፔጆ ካርቡሬተሯን ከፍታ ስትጠብቀን ውላለች።
ማስተር ካቻቢቴውን አነሣ። ጫፉ ከብሎኗ አናት
አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ።
ቀና ብሎ አየኝ፤
መብራቱን ከእጄ ወሰደና ካቻቢቴውን ሰጠኝ።
«ሩብ ዙር» አለ። «ሩብ ብቻ።»

ብርሃኑ ሞተሩ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከትንፋሹ ጋር።
ከፍ እስኪል ጠበቅሁ፤
አዞርኩ።